በባዋንግሊንግ ጫካ የተዘረጉት ሁለት ገመዶች

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 ራማሱን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ የቻይናን ሃይናን ደሴት በመታ ጊዜ፣ በባዋንግሊንግ ተራራ ላይ መሬት ተንሸራቶ ጫካውን ወደ 15 ሜትር በሚሰፋ ባዶ ገደል ለሁለት ከፈለው። ይህ ስፋት ለእኛ ምንም አይደለም፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተንጠላጠለ ለሚኖረውና ወደ መሬት እምብዛም ለማይወርደው፣ ጦጣ መሰል እንስሳ ለሆነው የሃይናን ጊቦን ግን መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። ግልገሏን ያቀፈች እናት በዝላይ ልሞክረው ብትል የሁለት ነፍስ አደጋ ነው።

በ1950ዎቹ ቁጥራቸው ወደ 2,000 ይገመት የነበረው እነዚህ ጭራ አልባ የዛፍ ነዋሪዎች፣ በአደን፣ በደን ጭፍጨፋና በጎማ ዛፍ እርሻ መስፋፋት የተነሳ በ1970ዎቹ ከ10 በታች ወርደው ነበር። በ2003 በተደረገው ቆጠራም የተገኙት 13 ብቻ ናቸው። በሰው እጅ ተጠብቆ የሚኖር አንድም ስለሌለ፣ ከዚያ ጫካ ከጠፉ ከዓለም ጠፉ ማለት ነው። ለዚህም ነው የአንድ ገደል ነገር ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝ።

የጥበቃ ባለሙያዎች በ2015 መጨረሻ ሁለት የተራራ መውጫ ገመዶችን በገደሉ ላይ አሻግረው በጠንካራ ዛፎች ላይ አሰሩ፤ አጠገቡም ካሜራ ሰቀሉ። ጊቦኖቹ ገመዱን ያመኑት ከ176 ቀናት በኋላ ነው። በምስሎቹ ላይ አንዱን ገመድ በእግራቸው ረግጠው፣ ሌላውን እንደ ደረጃ መደገፊያ በእጃቸው ይዘው ሲራመዱ ይታያሉ፤ ይበልጥ የተጠቀሙበትም ሴቶቹና ታዳጊዎቹ ናቸው። ያንን ያህል ጊዜ ተስፋ ሳይቆርጡ የጠበቁትን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ።

ይሁን እንጂ ገመድ ጊዜ መግዣ እንጂ ደን አይደለም፤ የተሸረሸረው ቦታ በአገር በቀል ዛፍ መሸፈን አለበት። ሴቷ የምትወልደው ቢበዛ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም አንድ ግልገል በመሆኑ፣ ቁጥራቸው ከ40 በላይ የደረሰው ከብዙ ዓመታት ልፋት በኋላ ነው። ያደጉት ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው የራሳቸውን ቤተሰብ ሲመሠርቱ ደግሞ ሌላ ጫካ ይፈልጋሉ። ጎህ ሲቀድ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ የሚያሰሙት ዜማ ከሩቅ ስለሚሰማ፣ ጠባቂዎቹ ገና ሳይነጋ ጆሯቸውን አቅንተው የሚጠብቁት አዲስ ጥንዶች ከየትኛው ሸንተረር እንደሚዘምሩ ለማወቅ ነው።