ውቢቷን ማን ጠየቃት?

ጨለም ያለ፣ ወሲብ የበዛበት ልብወለድ እወዳለሁ። አላፍርበትም። የ«ውቢቷና አውሬው»ን ተረት ለአዋቂ አድርጎ እንደ አዲስ የተረከ መጽሐፍ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነበር የገዛሁት። ግማሹ ላይ ሳልደርስ ተናደድኩ። ወሲቡ አይደለም ያናደደኝ። አውሬው ልጅቷን አንድም ቦታ ላይ አይጠይቃትም። ይቆልፍባታል፣ ያዛታል፣ የፈለገውን ያደርጋታል፤ ከዚያ ትንሽ ምዕራፍ አለፍ ሲል ወደደችው ይሉናል። እንዴት? መቼ? መልስ የለም።

ቅሬታዬ ከየት እንደመጣ በደንብ ለማወቅ ወደ ድሮዎቹ ሄድኩ። ሁለቱም የፈረንሳይ ናቸው፤ የእንግሊዝኛ ትርጉማቸው በነጻ ይገኛል። አንዱ ማዳም ደ ቪልነቭ እ.ኤ.አ. በ1740 ያሳተሙት ረጅሙ ነው። ሌላው ማዳም ለፕረንስ ደ ቦሞን በ1756 ለልጆች ያሳጠሩት። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ፣ አውሬው ልጅቷን የሚያናግርበትን ቦታ ሁሉ አቀለምኩና እሱን ብቻ ደግሜ አነበብኩ።

የ1740ው በጣም ገረመኝ። አውሬው በየማታው ይመጣና አብሯት እንዲተኛ ትፈቅድ እንደሆነ ይጠይቃታል። በግልጽ! እምቢ ትለዋለች። እሱም ደህና እደሪ ብሎ ይሄዳል። ደ ቦሞን ለልጆች ሲጽፉት ጥያቄውን ወደ ጋብቻ ቀየሩት እንጂ አላጠፉትም። እንዲያውም እሳቸው ጋ የመጀመሪያው ማታ እራት ላይ፣ ስትበላ አጠገቧ ሆኖ ቢያያት ትፈቅድ እንደሆነ ይጠይቃታል። እየተንቀጠቀጠች ጌታው አንተ ነህ ትለዋለች። የለም፣ እዚህ ቤት አዛዧ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ካስቸገርኩሽ ሂድ በይኝ፣ አሁኑኑ እወጣለሁ ይላታል።

እዚህ ትዕይንት ውስጥ ማንም ማንንም አይነካም። ግን ከአዲሱ መጽሐፍ የአልጋ ገጾች ሁሉ የበለጠ ያሞቃል፤ ነገ ማታ ምን ትለው ይሆን እያለ ሰው ይጠብቃላ። አዲሱ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ እሱ እንዳሻው ያደርጋል፣ እኛ ገጽ እንገልጣለን።

የድሮ ተረት ራሱ ጨካኝ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ጣሊያናዊው ደራሲ ባዚሌ በ1636 በታተመው የተኛችው ልጅ ተረት ላይ ንጉሡ እንቅልፍ ላይ እያለች ይደርስባታል፤ ሳትነቃ መንታ ትወልዳለች። ስለ ግፍ መጻፍ የፈለገ ደራሲ ያንን ማንሳት ይችል ነበር። መጠየቅ የጀርባ አጥንቱ የሆነውን ተረት ወስዶ ጥያቄውን መንቀል ለምን አስፈለገ? ደግሞ ጨለማውም እዚያው ነበር፦ ልጅቷ ቤቱ የገባችው አባቷ በቀጠፈው ጽጌረዳ ዕዳ ነው። በአባት ዕዳ የመጣች ልጅ እምቢ ማለት ምን ያህል ትችላለች? ይሄ ብቻውን ወፍራም ልብወለድ ይወጣዋል።

አሁን ስገዛ የማየው ነገር ተቀይሯል። መጀመሪያ ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ውስጡ ምን እንዳለ ይነግረኛል፤ እንዴት እንደተጻፈ ግን አይነግረኝም። ስለዚህ በነጻ የሚሰጠውን ናሙና ከፍቼ ሁለቱ መጀመሪያ የሚነጋገሩበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ልጅቷ የምትፈልገው ነገር አላት? እምቢ ስትል ታሪኩ አቅጣጫ ይቀይራል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋታል? ከዚያ ዝቅተኛ ኮከብ የሰጡ ሰዎችን አስተያየት አነባለሁ፣ በተለይ ይህን ዓይነት መጽሐፍ የሚወዱትን። ወሲብ ስለበዛበት ብቻ የተቆጣውን አልፈዋለሁ። ልጅቷ ጠፋችብኝ ያለውን ግን አምነዋለሁ።