መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ሳሉ ግን ወይ ፍንክች

የእህቴን ልጅ ትክትክ ይዞት የሰነበተ ጊዜ አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። አንቲባዮቲኩን በሰዓቱ ወሰደ፣ ጨረሰ። ሳሉ ግን ያው ነው። ሌሊት ሌሊት ፊቱ እስኪቀላ በላይ በላዩ ይስልና አየር ሲስብ ያቺ የምታስፈራ የፉጨት ድምፅ ትወጣለች፣ ከዚያ ያስመልሰዋል። እህቴ «መድኃኒቱ ውሃ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ግን መልስ አልነበረኝም። አፍሬ ማንበብ ጀመርኩ።

የአየር ቧንቧችንን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሶች ብዙዎቹ ሲሊያ የሚባሉ ደቃቅ ጸጉሮች አሏቸው። እነዚህ በሰከንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ እየተወዛወዙ አቧራውንም ጀርሙንም ከአክታ ጋር ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ፣ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን (እየበላችሁ ከሆነ ይቅርታ)። ብዙ ጀርም እዚሁ ተጠርጎ ይቀራል። የትክትክ ባክቴሪያ፣ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ፣ የሚጣበቀው ግን የት መሰላችሁ? ራሱ መጥረጊያው ላይ!

የሚይዝበት ነገር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ፊላሜንተስ ሄማግሉቲኒን የሚባል ክር መሳይ ረጅም ፕሮቲን አለው፣ ሲሊያው ላይ ያሉ ስኳር ነክ ሞለኪውሎችን የሚጨብጠው በሱ ነው። ፊምብሪያ የሚባሉ ቀጫጭን ጸጉሮችም አሉት። የሚረጨው መርዝ፣ ፐርቱሲስ ቶክሲን፣ ሳይቀር በመጣበቁ ያግዘዋል። ጫካ ገብታችሁ ሱሪያችሁ ላይ ጭጎጎት ተሰክቶባችሁ ያውቃል? አንዱን መንጠቆ ስታላቅቁ ሌላው ይዟል፣ እንደዛ ነው።

ከተጣበቀ በኋላ ደም ውስጥ ልግባ አይልም፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው የሚከርመው። ከገዛ ግድግዳው የሚያራግፈው ትንሽ ቁራጭ አለ፣ ትራኪያል ሳይቶቶክሲን ይሉታል፣ ሲሊያ ያላቸውን ሕዋሶች እየመረጠ የሚገድል። መጥረጊያው ሲረግፍ አክታው ይከማቻል፣ ማውጫው መንገድ መሳል ብቻ ይሆናል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ልጁ ወደ ሌላ ሰው እንዳያስተላልፍም ያደርጋል፣ የረገፈውን ሲሊያ ግን አያበቅልም። እሱ ሳምንታት ይፈልጋል። ቻይናዎች የመቶ ቀን ሳል ያሉት ወደው አይደለም።

«ተከትቦ የለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ተከትቧል፣ ግን ሰባት ዓመቱ ነው፣ የክትባቱ አቅም ከዓመታት በኋላ ይዳከማል። ብንከተብም ልንያዝ እንችላለን፣ ብዙውን ጊዜ ግን ቀለል ይላል።

እኛን ያስጨነቀችን ታናሽ እህቱ ነበረች። አራት ሳምንቷ ነው፣ የመጀመሪያው ክትባት ደግሞ በ6 ሳምንት ነው የሚሰጠው። እንደሷ ያለ ጨቅላ ትክትክ ሲይዘው ላይስል ይችላል፣ ዝም ብሎ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። ሐኪሙ ለሷም ለቤተሰቡም አንቲባዮቲክ አዘዘ፣ ልጁ እኔ ቤት መጣ። ሁለት ወር ሙሉ ሳሉን እየሰማሁ ነው ያደርኩት፣ ከእንቅልፌ በነቃሁ ቁጥር ያ ጭጎጎት ትዝ ይለኝ ነበር።