ጨረቃ እየሞላች ነው ወይስ እየጎደለች?

ማታ ሰማይ ላይ ጨረቃ ባየን ቁጥር አብሮኝ ያለ ሰው «አሁን እየሞላች ነው እየጎደለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የተለመደው መልስ «የበራው ጎኗ በቀኝ ከሆነ እየሞላች ነው» የሚል ነው። ይህ የሚያገለግለው በሰሜን ለሚኖር ሰው ነው። ወደ ደቡብ ርቆ ለሚኖር ቀኝና ግራው ይገለበጣል። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ቀጭኗ ጨረቃ ብዙ ጊዜ እንደ ታንኳ ተጋድማ ስለምትታይ ቀኝ ግራ ማለቱ ራሱ አይረዳም።

እኔ የማምነው ሰዓቷን ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ቀድማ ሰማይ ላይ ካለች እየሞላች ነው። ከጨለመ በኋላ ከወጣች እየጎደለች ነው።

ምክንያቱም ቀላል ነው። የጨረቃ ግማሽ አካል ሁልጊዜ በፀሐይ ብርሃን እንደበራ ነው፤ የሚለዋወጠው ከበራው ግማሽ ለእኛ የሚታየን መጠን ነው። የምድር ጥላ የለበትም! ጥላችን የሚያርፍባት በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው፤ የምትዞርበት መስመር 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ስላለ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

አዲስ ጨረቃ የምንላት በእኛና በፀሐይ መካከል ስትሆን ነው፤ ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ስለምትጠልቅ አናያትም። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ምሽት ላይ በምዕራብ ቀጭን ሆና ብቅ ትላለች። ያን ጊዜ ጨለማውን ክፍሏንም ልብ ብላችሁ እዩት፤ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ያ ከምድር ተንጸባርቆ የደረሳት ብርሃን ነው፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ምክንያቱን ጽፎታል። ከአዲስ ጨረቃ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሚታየን ገጿ ግማሹ ይበራል። ስሟ ግን የመጀመሪያው ሩብ ነው፤ የዑደቷን ሩብ ስለጨረሰች። እኩለ ቀን ገደማ ወጥታ እኩለ ሌሊት ገደማ ትጠልቃለች። ቀጥላ ጎባጣ ትሆናለች (ከግማሽ በላይ የበራች፣ ግን ገና ያልሞላች)፣ ከዚያም ሙሉ ጨረቃ፤ ፀሐይ ስትገባ እሷ በምሥራቅ ትወጣለች። ከዚህ ወዲያ መውጫዋ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ እየዘገየ፣ መጀመሪያ ጎባጣ፣ ቀጥሎ እኩለ ሌሊት የምትወጣው የመጨረሻው ሩብ፣ በመጨረሻም ንጋት ላይ የምትታይ ቀጭን ጨረቃ ትሆናለች። ጠቅላላው ዑደት 29 ቀን ተኩል ነው።

ሰው ሁሉ ሙሉ ጨረቃን ይወዳል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሩብ አስበልጣለሁ። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ አይኖርም፣ ገጿም ለጥ ያለ ይመስላል። በሩብ ጊዜ ግን ብርሃንና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይ በአግድም ስለምትመታ እያንዳንዱ ጉድጓድ ግድግዳው በርቶ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ይታያል። አንዳንዴ የተራራ ጫፍ ብቻውን፣ ዙሪያው ጨለማ ሆኖ፣ እንደ ነጥብ ያበራል። ይህን ለማየት ተራ ባይኖኩላር ይበቃል፤ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን የሆነ ነገር ላይ አስደግፉ። ሌሊቱን መጠበቅም አያስፈልግም፤ ገና ሲመሽ ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ።