ካራቫኔ ከክሪክ ላይ የወደቀ ቀን

ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት፣ ስገዛ ማስተካከል የሚባለው ጣጣ ትዝም አላለኝም። ሜዳ የሚመስል ቦታ ሁሉ ሜዳ አይደለም። ትንሽ ካዘነበለ እንቅልፍ የለም፤ በሩም በራሱ ይከፈታል። ከሁሉ የሚብሰው በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ነው። ፓምፕ ስለሌለው ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ወደ ታች እየወረደ ነው። ካራቫኑ አዘንብሎ ለብዙ ሰዓት ከሠራ ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ያቆማል፤ ጭራሽ ሊበላሽም ይችላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ውሃ ልክ ወለሉ ላይ ታስቀምጣለህ። መጀመሪያ ግራና ቀኙን፣ ቀጥሎ ፊትና ኋላውን ታስተካክላለህ። ፊትና ኋላው በመጎተቻው ላይ ባለው ክሪክ ያልቃል። እኔን ጉድ የሠራኝ ግራና ቀኙ ነው።

ሻጩ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ተጣጣፊ እግሮች እያሳየ፣ "ወንድሜ፣ በእነዚህ ብድግ አድርገህ ታስተካክለዋለህ" ብሎኝ ነበር። ይህን አባባል ዛሬም ሳስታውሰው ያበሳጨኛል። እግሮቹ ውስጥ ስትራመድ ካራቫኑ እንዳይወዛወዝ ደገፍ የሚያደርጉ ናቸው እንጂ የሚያነሱ አይደሉም። ክብደቱን መሸከም ያለበት ጎማው ነው። አንዱን እግር ጠበቅ አድርጌ ሳዞረው ብረቱ መጉበጥ ጀመረ። እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ጠንከር ያለ ክሪክ ልግዛ አልኩ።

2 ቶን የሚያነሳ የዘይት ክሪክ ገዛሁ። ካራቫኑ በጠቅላላው 1.5 ቶን ስለሆነ ይበቃል ብዬ ነው። ቶኑስ በቅቷል። ቁመቱን ግን አልለካሁም። ሻንሲው (ከወለሉ ሥር ያለው ዋናው ብረት) ጋ ደርሶ የሚፈለገውን ያህል አያነሳም። ስለዚህ ሦስት ጣውላ ደራርቤ ከሥሩ አደረግኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ረስርሷል። ካራቫኑን ከመኪናው ፈትቼዋለሁ። የእጅ ፍሬን የለውም። ታኮ፣ ማለትም ጎማ እንዳይንከባለል የሚወሸቀውን ሽብልቅ፣ ያደረግኩት ደግሞ ዝቅ ላለው ጎማ ብቻ ነው። የማነሳው እሱኑ ጎማ መሆኑን አላሰብኩም። ባለቤቴ ውስጥ ሆና ዕቃ ትደረድራለች።

እጀታውን ደጋግሜ ተጫንኩ። ጎማው ከመሬት ለቀቀ። ጎማው አየር ላይ ከሆነ ታኮው ምን ይይዛል? ካራቫኑ የቀረው በወዲያኛው ጎማና ከፊት በመጎተቻው ሥር ባለችው ትንሽ ጎማ ላይ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቦታው ወደፊት ዘቅዘቅ ይላል። መጀመሪያ ያየሁት ክሪኩ ቀስ ብሎ ዘመም ሲል ነው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ከሥር ነበር። ላይኛው ጣውላ ሲንሸራተት ክንዴን መዝዤ ወደ ኋላ ወደቅኩ። ካራቫኑም ወደቀ። ባለቤቴ ከውስጥ ጮኸች። ጉልበቷ ቆሰለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ ነገር አልደረሰባትም። ክሪኩ ወለሉን በስቶ ገባ። የበሩ ክፈፍ ተጣመመ፤ እስከ ዛሬ ሲዘጋ ይፈትጋል። ክንዴን ባላወጣውስ እያልኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ውስጥ እንዳለች መጀመሬን ደግሞ ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አሁን ግራና ቀኙን ለማስተካከል ክሪክ አልነካም። ካራቫኑ ገና ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ዝቅ ያለውን ጎማ መወጣጫ ላይ እነዳዋለሁ። ውሃ ልኩ ሲስተካከል ታኮ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የምፈታው። ይህች ቅደም ተከተል አትገለበጥም። ከካራቫኑ ጋር የመጣው መመሪያ ሁለት ታኮ ይበቃል ይላል። አልስማማም። ለሁለቱም ጎማ ከፊትም ከኋላም፣ አራት ይሁን። የላስቲክ ቢሆን ይሻላል፤ ፕላስቲኩ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል።

ክሪክ የሚያስፈልገኝ ጎማ ስቀይር ብቻ ነው። ስትገዛ ቶኑን ብቻ አትይ፤ ሜትር ይዘህ ሂድ። ጎማው ተንፍሶ ካራቫኑ ዝቅ ሲል ከሥሩ መግባት አለበት፤ ሲወጣም አዲሱን ጎማ እስክታስገባ ማንሳት አለበት። መቀመጫው ሰፊ ይሁን። ከሥሩ አንድ ወፍራምና ሰፊ ጣውላ አድርግ፤ መደራረብ የለም። ክሪኩን አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ ግጠም፤ የካራቫኑ ወለል አይችልም። ካራቫኑ ከመኪናው አይፈታ፤ የመኪናው የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ የማይነሳው ጎማ ታኮ ይኑረው፤ ውስጥ ማንም አይኑር። የዘይት ክሪክ ጭነት ይዞ ሲቆይ ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የብረት መደገፊያ ሳታቆም እጅህን ከሥር አታስገባ።

እግሮቹን የማወርደው በመጨረሻ ነው። መሬት ሲነኩ ግማሽ ዙር ጨምሬ አቆማለሁ። ባለቤቴም አራቱን ታኮ አንድ በአንድ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ሳታይ ወደ ውስጥ አትገባም።