አልንቀሳቀስም ያለችው አህያ

ክብር ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን። በአሪዞና በረሃ ያደረገልንን ልመሰክር ነው።

ባለቤቴ እዚህ አሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ በተመላለሰ ቁጥር ከአውራ ጎዳናው አጠገብ አንድ አሮጌ መንገድ እያየ ያልፋል። ሩት 66 ይባላል። በፈረንጆቹ 1926 የተሰየመ፣ ከቺካጎ እስከ ሳንታ ሞኒካ 3,900 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ መንገድ ነበር። በ1985 ከአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ዝርዝር ወጣ። «አንድ ቀን ያለ ጭነት፣ ያለ ጥድፊያ አንቺን ይዤ እሄድበታለሁ» ይለኝ ነበር። ባለፈው ጸደይ አልጋና ማብሰያ ያለው አር ቪ የሚባል መኪና ተከራየን። እኔ ሽሮና ድርቆሽ ቋጠርኩ፤ የፈረንጅ ሳንድዊች አንድ ቀን እንጂ አይዘለቅም።

ከአሪዞና ድንበር አጠገብ ኒድልስ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ስናድር አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ስለሚቀጥለው መንገድ አወሩን። ኦትማን ከምትባል የአሪዞና ከተማ በኋላ ሲትግሪቭስ የሚባል፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ዳር ዳሩ ገደል ነው፤ ረጃጅም መኪኖች እንዳያልፉበትም ተከልክሏል። ድሮ የሰው መኪና አልወጣ ሲል በኋላ ማርሽ፣ በጀርባው ይወጣ ነበር አሉ። የፈራ ደግሞ ለአገሬው ሰው ከፍሎ ያስነዳ ነበር። ባለቤቴ ሳቀ። እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ፊታችን ክፉ ነገር ካለ ሳንደርስበት አስቁመን» ብዬ ለቁልቢ ጥላ ተሳልኩ።

ጠዋት ባለቤቴ እንደ ሥራው ልማድ ጎማውንም ሥሩንም አየ። ደህና ነበር። ወጣን።

ኦትማን የወርቅ ማዕድን ከተማ ነበረች። ቆፋሪዎቹ ሲሄዱ አህዮቻቸውን ለቀው ሄዱ፤ ዘራቸው ዛሬም ዋናው መንገድ ላይ ይንጎራደዳል። ቱሪስት ሁሉ ይመግባቸዋል። ከከተማዋ ልንወጣ ስንል አንዲት አመድማ አህያ ከነውርንጭላዋ ፊታችን ገጭ አለች። ክላክስ ነፋን፤ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። ወርጄ በአማርኛ ቆጣኋት። አህያ ስነዳ ያደግሁ ነኝ፣ ግን የአሪዞና አህያ አማርኛ ከየት ታውቃለች! መኖ ገዝቼ ዳር ላይ አሳየኋት። አሽትታ ተወችው።

ባለቤቴ ፍሬን ረግጦ እየጠበቀ ነበር። ድንገት ፊቱ ተለወጠ። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠ፣ ወለሉን ነካ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ ዘሎ ወረደ። የፊቱ ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ርሷል፤ አስፋልቱ ላይ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። በጣቱ ነካና አሸተተ። «የፍሬን ዘይት ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ይህን ያህል ዓመት ሲነዳ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም።

ጎታች መኪና ተጠርቶ መጣ። መካኒኩ ቱቦውን ፈትቶ አሳየን፤ ከውስጥ የበሰበሰ፣ ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስል። ኃይል ተደርጎ ሲረገጥ ነው የተተረተረው። ያ ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ? ባለቤቴ እስካሁን ይህን ጥያቄ አይወድም።

ተሠርቶልን በነጋታው አለፍነው። አናቱ ላይ ሰዎች ለሞቱባቸው ያቆሟቸው መስቀሎች አሉ። ወርደን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «አህያዋ መኖ ለምዳ ነው የቆመችው» ይሉናል። ልክ ናቸው፣ መኖ ለምዳለች። ታዲያ የቀረበላትን መኖ ለምን ተወችው? የበለዓምን አህያ ያቆመ አምላክ ኦትማንን አያውቃትም ያለው ማነው? እኔ በበኩሌ ጥላውን ገዝቼ ለእናቴ ልኬያለሁ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ይዛው ትወጣለች።