ለትንሣኤና ለሶንግክራን፤ ከቺያንግ ማይ የተላከ መልእክት

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ፋሲካችን ሚያዝያ 4 ቀን በመዋሉ፣ እኔ በማስተምርበት በታይላንድ ጾም በፈታን ማግስት ባህላዊው አዲስ ዓመት ሶንግክራን ይጀምራል፤ የሚቆየውም እስከ ሚያዝያ 7 ነው። በእነርሱ የቡድሃ አቆጣጠር ዓመቱ 2569 ስለሆነ፣ በሁለት የዘመን ቀመር መኖር ለለመደ ኢትዮጵያዊ ሦስተኛው አይከብደውም።

ለማስተማር አዲስ ለመጣችሁ በሶንግክራን ስለሚፈሰው ውኃ ልጻፍላችሁ። መንገድ ላይ ስለሚረጨው ብዙ የምለው የለኝም፤ ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ መነኮሳትንና አረጋውያንን አትርጩ። የበዓሉ ልብ ግን ጧት በየቤቱና በየቤተ መቅደሱ በዝግታ የሚፈሰው ሌላው ውኃ ነው። ወጣቶች የጠንበለል ዘመድ የሆነው የጃስሚን አበባ የተነከረበትን ውኃ በትንሽ ሳሕን ይዘው በአያቶቻቸው፣ በወላጆቻቸውና በመምህሮቻቸው ፊት ይንበረከካሉ፤ በመዳፋቸውም ላይ ጥቂት ጥቂት እያፈሰሱ በዓመቱ ላጠፉት ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ታላላቆቹም ይመርቋቸዋል። በሰሜን ታይላንድ ይህን ሥርዓት «ዳም ሁዋ» ይሉታል። ዩኔስኮ ሶንግክራንን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር፣ የሐረሪዎችን ሸዋል ዒድ በመዘገበበት በዚያው ጉባኤ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

በልጅነቴ እንግዳ ሲመጣ ማንቆርቆሪያና መታጠቢያ ሳሕን ይዤ፣ ከታላቁ ጀምሬ፣ ጎንበስ ብዬ አስታጥብ ነበር፤ እጁን የታጠበ ሁሉ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ይለኝ ነበር። እዚህ በመጀመሪያው ዓመቴ ከበዓሉ በፊት በማስተምርበት ተቋም በተደረገው ሥነ ሥርዓት ከመምህራኑ ተርታ እንድቀመጥ ሲነግሩኝ፣ «እኔ ገና ወጣት ነኝ» ብዬ ለመሸሽ ሞክሬ ነበር። እናንተ እንዲህ አታድርጉ፤ ክብሩ የሚሰጠው ለዕድሜ ብቻ ሳይሆን ለመምህርነትም ስለሆነ፣ እምቢ ማለት ተማሪዎቹን ያሳዝናል። ተቀመጡ፣ መዳፋችሁን አጣምራችሁ ዘርጉ።

ተራዬ ደርሶ ውኃው መዳፌን ሲነካ፣ በታይኛ የምመርቅበት ቃል አልነበረኝም። አጠገቤ የነበሩት አረጋዊት መምህርት «በቋንቋሽ መርቂያቸው» አሉኝ። እኔም «እደጉ፣ ተመንደጉ» አልኳቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን በደረታቸው አጋጥመው ተቀበሉኝ።

መልካም የትንሣኤ ሰሞን ይሁንላችሁ፤ በታይኛም «ሳዋዲ ፒ ማይ»፣ መልካም አዲስ ዓመት።