አንዱ ለማሽኑ፣ አንዱ ለገመዱ

በቤታችን ጨርቅ አይጣልም። እናቴ ከአልጋዋ ሥር ያስቀመጠችው ኬሻ ውስጥ የመጋረጃ ትርፍ፣ የኮት ገበር፣ ቀለሙ የደበዘዘ ጥለት፣ አልፎ ተርፎም ለምን እንደተቀመጠ ማንም የማያስታውሰው ዚፕ ተጠቅጥቆ ይኖራል። የታላቅ እህቴ ሠርግ በደረሰ ጊዜ፣ ለ4ቱ ሚዜዎች ቀሚስ ከተገዛው ሳቲን የተረፈውን 1.20 ሜትር ያህል ቁራጭ ልብስ ሰፊው ጠቅልሎ ሲመልስልን፣ እናቴ ወደ ኬሻዋ ልትሰደው ስትል እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። ከሚዜዎቹ አንዷ ከዚያው ጨርቅ ሻርፕ ፈልጋ ብትለምነኝም «ምንም አልተረፈም» ብዬ መለስኳት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጨርቁ የበሰለ ኮክ ቀለም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የሴቶች የውስጥ ልብስ ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው ከዚሁ ከኮክና ከፈዛዛ ሮዝ ቀለም ጨርቅ ነበር። በወገብ ላይ ልክክ ብሎ ከዳሌ በታች እንደ አጭር ጉርድ የሚዘረጋ፣ ጠርዙ በዳንቴል የተዋበ፣ በጎን በኩል በቁልፍ የሚዘጋ የዚያን ዘመን ሰፊ ሙታንታ በፎቶግራፍ አይቼ ከተመኘሁ ቆይቻለሁ። ምስጢሩ ያለው አቆራረጡ ላይ ነው፤ የፓሪሷ ልብስ ሰፊ ማድሌን ቪዮኔ ዝነኛ የሆነችበት ዘዴ ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ ሳይሆን በ45 ዲግሪ ሰያፍ መቁረጥ ስለሆነ፣ በራሱ የማይሳብ ሳቲን እንኳ ይለጠጣል፣ ገላንም ተከትሎ ይወርዳል። «ይወርዳል» የምትለዋን ቃል አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ።

እናቴ ዕቅዴን ስትሰማ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ላስቲክ አድርጊበት» አለች። ይህ ግን ኩራቴን የሚነካ ጉዳይ ሆነብኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1942 የማላያን የጎማ እርሻዎች ከያዘች በኋላ በእንግሊዝ ላስቲክ ብርቅ ስለሆነ፣ ብዙ ሴቶች ሙታንታቸውን በቁልፍ ዘግተው ነው ዘመኑን ያሳለፉት። እነሱ በቦምብ ድብደባ መካከል የቻሉት ነገር እኔን በሰላም አገር፣ በገዛ ቤቴ ሳሎን ውስጥ እንዴት ያቅተኛል?

ሥራውን የጀመርኩት ከአያቴ በወረስነው በእጅ በሚዞር ሲንጀር ነው። ማሽኑ ላይ የወንድሜን ጂንስ ካሳጠርንበት ቀን ጀምሮ ቁጥር 16 መርፌ ተሰክቶ ስለነበር፣ ሳቲኑን በወጋው ቁጥር ከጎኑ ያለውን ክር እየጎተተ፣ በሚያብለጨልጨው ፊት ላይ ድመት የቧጠጠችው የሚመስል መስመር ትቶ ያልፋል። በቁጥር 9 ስቀይረው ነገሩ ተስተካከለ። የጎኑን ስፌት መጀመሪያ በመልካሙ ፊት በኩል ሰፍቼ፣ ትርፉን እስከ 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ከርክሜ፣ ከዚያም ገልብጬ ከውስጥ በኩል እንደገና ሰፋሁት፤ ጥሬው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተደብቆ ይቀራል። ይህን ስፌት ለማንም ሳላፍር አሳያለሁ፣ ማሳየት በማልፈልግበት ሰዓት መታየቱ ካልሆነ በቀር።

በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ጠርዙ ከመታጠፉ በፊት 24 ሰዓት ያህል ተሰቅሎ መቆየት አለበት። በመኝታ ቤቴ በር ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬው ባድር ጠዋት አንዱ እግር ከሌላው በ3 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ አገኘሁት። ታናሽ ወንድሜ በሩን ሲከፍት ሳቲኑ ፊቱ ላይ ተጠምጥሞበት «ይሄ ደግሞ የምን መጋረጃ ነው?» ብሎ አለፈ።

የቀረው ጌጡና ማሰሪያው ነበር። ዳንቴል ከሱቅ መግዛት በትርፍራፊ የመሥራትን ክብር የሚያጎድል ስለመሰለኝ ወደ ኬሻው ተመለስኩና፣ እታባ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ እህት ከዓመታት በፊት በኪሮሽ ሠርተው ያበረከቱልንን የቴሌቪዥን ልብስ አወጣሁ። ቴሌቪዥን ጠፍጣፋ ከሆነ ወዲህ የሚያርፍበት አናት ያጣ ዳንቴል ስለሆነ ጠርዙ ቢቆረጥ የሚያዝንለት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ቁልፉን ደግሞ ከአባቴ ካፖርት ላይ ፈታሁት፤ የታችኛውን ቁልፍ ማንም ስለማይቆልፈው አይታወቅም ብዬ ነው። ታወቀ። አባቴ ጥፋቱን በላውንደሪው ላይ አድርገው 3 ሳምንት ሙሉ ከተሟገቱ በኋላ ልብሳቸውን ወደ ሌላ ሰፈር መላክ ጀመሩ። እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ኃጢአት ቀርቶኛል። የወገቡ ጥብጣብ እንዳይለጠጥ በክሩ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መቆረጥ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሰያፍ መቁረጥ ጨርቅ ስለሚበላ ቀጥ ያለ ቁራጭ አልተረፈኝም፣ ስለዚህ እሱንም በሰያፍ ቆረጥኩት። በዚያ ላይ ለወፍራም ሱፍ የተሠራውን ከባድ ቁልፍ ከበስተኋላው ምንም ደጋፊ ጨርቅ ሳላደርግ በስሱ ሳቲን ላይ ተከልኩት።

የመልሱ ዕለት ከሐበሻ ቀሚሴ ሥር ለበስኩት። ለታሪክ ያለኝ ፍቅር ጥንቃቄን ያስጣለኝ አለመሆኑ ይታወቅልኝና፣ ከእሱም ሥር ተራውን ባለ ላስቲክ ሙታንታዬን ለብሼ ነበር። እስክስታው የትከሻ ሥራ ስለሆነ በሰላም አለፈ። ሙዚቃው ወደ ጉራጊኛ ሲዞር ግን እግር መሬት መርገጥ የሚረሳበት ሰዓት መጣ፤ በየዝላዩ ወገቡ ጣት ጣት እየሰፋ ሲሄድ ይታወቀኛል፣ ለመውጣት ደግሞ የሙሽራው አጎት ፊት ለፊቴ ቆመው አልለቅ ብለውኛል። በመጨረሻ «ጧ» የሚል ነገር ሰማሁ። ቁልፉ በሴራሚኩ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ ከአባቴ ጫማ ሥር ሲቆም፣ ሳቲኑ ደግሞ ያለ አንዳች ድምፅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈ።

ከውስጡ እየጨፈርኩ ወጣሁ፤ ያን ያህል አስተዋይነት በሕይወቴ አሳይቼ አላውቅም። በእግሬ ወደ ሶፋው ሥር ልገፋው ስል ግን እታባ ጎንበስ ብለው አነሱትና ከፍ አድርገው «ይሄ የማን ነው?» አሉ።

ሻርፕ የተከለከለችው ሚዜ ከሁሉ ቀድማ «ይሄ የእኛ ቀሚስ ጨርቅ ነው! አልተረፈም አልነበረም እንዴ?» አለች። እታባ ዳንቴሉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ባለ 6 ቅጠሉን አበባ በጣታቸው ቆጠሩና «ይሄማ የእኔ እጅ ነው! የቴሌቪዥን ልብስ ብዬ የሰጠኋችሁ!» አሉ። አባቴም ቁልፉን አንስተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ባለ 4 ቀዳዳውን ቡናማ ቀንድ አገላብጠው ካዩ በኋላ ማንንም ሳያናግሩ ወደ እኔ ተመለከቱ። የሠራሁት ልብስ ከክር በቀር የራሴ የሆነ ነገር የሌለው መሆኑን ያን ጊዜ አስተዋልኩ።

«ኧረ ምንድን ነው?» ብለው የሙሽራው እናት ጠየቁ። እናቴ ሳህን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ነገሩን በአንድ እይታ ጨረሰችውና፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ «የሚክሰር ልብስ ነው፤ ልጄ ለሙሽሮቹ ሰፍታ ነው» አለች።

እታባ ግን በቀላሉ የሚለቁ ሴት አይደሉም፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች ሁለት እጃቸውን አስገብተው «ታዲያ ይሄ ሁለት እግሩ ምንድን ነው?» አሉ።

«አንዱ ለማሽኑ፣ አንዱ ለገመዱ» አለች እናቴ።

የሙሽራው እናት «እንዲህ ያለች ባለሙያ ልጅ አለችዎት!» እያሉ ስፌቱን ከውስጥም ከውጭም ገልብጠው አደነቁ፤ ልብሱም በክብር ታጥፎ ከሙሽሮቹ ስጦታ ጋር ሄደ። አባቴ ቁልፋቸውን በኪሳቸው ከተው፣ ጠጅ ቀድቼላቸው ስጎነበስ ብቻ «ላውንደሪው ስንት ሚክሰር አለው?» ብለው በጆሮዬ ጠየቁኝ።

ከ2 ሳምንት በኋላ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ሚክሰሩ ማድ ቤት መደርደሪያው ላይ ለብሶ ቆሞ አየሁት። ገመዱ በግራ እግሩ ወጥቶ ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል፤ የእታባ ዳንቴልም ከዓመታት በኋላ እንደገና የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ አርፏል። ቁልፉ በነበረበት በኩል ወገቡን ገለጥ አድርጌ አየሁት። እናቴ ላስቲክ አስገብታበታለች።